አዲስ መልክ፣ ያው ዕቃ

"በአዲስ መልክ፣ በቀድሞው ጥራት" የሚል እሽግ ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ዕቃው ያው ከሆነ ለምን ቀየራችሁት? ደብረ ማርቆስ ገበያ ብዙ እናቶች ሳሙናና ዘይት የሚለዩት በጽሑፉ ሳይሆን በቀለሙና በሥዕሉ ነው፤ ያ ሲጠፋ "ኧረ ይሄ ሌላ ነው፣ የድሮውን ስጠኝ ልጄ" ይላሉ፣ ባለሱቁም ያው ነው እያለ ሲምል ይውላል። ግራሙ ሲቀንስ ግን የሚነግራቸው የለም፤ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይቀራል።

አሜሪካም ይሄው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ትሮፒካና የጭማቂ ካርቶኑን ቀይሮ ስትሮ የተሰካበትን ብርቱካን ከፊቱ አነሳ። ሽያጩ 20 በመቶ ገደማ ወረደ፣ ወዲያው ወደ ድሮው መልክ ተመለሰ። በ2010 የልብስ ኩባንያው ጋፕም አዲሱን አርማውን በሳምንት ገደማ ውስጥ አወረደው።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን የቲቪና የሬዲዮ ማስታወቂያው ነው። የገጠር ሰው ሁሌ ግራ የገባው፣ የከተማው ልጅ ሁሌ አስረጂ። የጎጃም ገበሬ እኮ ጤፉን ዘግኖ፣ እፍ ብሎ፣ ማኛውን ከሰርገኛው በዓይኑ ይለያል! ዋጋውን፣ ክብደቱን፣ ምን እንደተቀየረ በግልጽ ንገሩት። መምረጡን እሱ ያውቅበታል።