ፎቶው ላይ ያየሁት ነጭ ነጥብ
ዛሬ ማምሻውን አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ወጥተን የእህቴን ልጅ በፍላሽ ፎቶ አነሳኋት። አንዱ ዓይኗ ቀይ፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ወጣ። ክው አልኩ! ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እንዲህ ነዋ። የካሜራው አቅጣጫም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፣ ግን ሾርባው ቀዘቀዘብኝ።

ቤት ገብቼ ሳነብ አንድ ነገር ላይ ቆምኩ። ጤነኛ ዓይን ውስጥ ቫይታሚን ኤን በብርሃን ተቀባይ ሴሎችና ከኋላቸው ባለው ሽፋን መካከል እንደ ባጃጅ የሚያመላልስ አይአርቢፒ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ይኸው ፕሮቲን ላብራቶሪ ውስጥ በሚያድጉት ዋይ79 የተባሉ የዚህ ካንሰር ሴሎች ላይም ተገኝቷል። ሴሉ ካንሰር ሆኖም የድሮ ሙያውን አልረሳም! (ካሮት አብሏት የምትሉኝ፣ የካሮት ጉዳይ አይደለም፤ መነሻው በአብዛኛው አርቢ1 የተባለው ጂን መበላሸት ነው።)

ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ሐኪም ጋ ነን። እህቴ አሁንም ፎቶውን እያጎላች ታያለች።