አንዲት ሰከንድ

ትናንት ማታ «ሂሮስ»ን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። አንድ ክፍል ብቻ አይቼ ልተኛ ነበር፤ አራተኛው ሲያልቅ ሌሊቱ ተጋምሷል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ዓይኔ እየተከደነ ዋልኩ፤ ሆኖም አልቆጨኝም።

ድራማው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2006 በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረ፣ ቲም ክሪንግ የፈጠረው ነው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ተራ ሰዎች፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ፣ ሌላው ሰው የሌለው ኃይል እንዳላቸው ይደርሱበታል። ካባ የለ፣ ጭምብል የለ። በማግስቱ ሥራ መግባት ግን አለ፤ እኔን የያዘኝም ይኸው ነው።

የሎስ አንጀለሱን ፖሊስ ማት ፓርክማንን ልውሰድ። ማንበብ ስለሚቸግረው የመርማሪነቱን ፈተና ደጋግሞ ይወድቃል። የሰው ሐሳብ መስማት ሲጀምር ደግሞ ባይሰማው የሚሻለውን ከገዛ ሚስቱ ይሰማል። የቴክሳሷ ተማሪ ክሌር ከከፍታ ዘልላ ትፈጠፈጣለች፤ የተሰበረው አጥንቷ ይገጥማል፣ ቁስሏ ይዘጋል። ጓደኛዋ ካሜራ ደግኖ ይቀርጻታል፤ እሷ ግን ደስ አይላትም። እንደ እኩዮቿ መሆን ነው የምትፈልገው። ያቺ ልጅ ታሳዝነኛለች። ፒተር በሞት አፋፍ ያሉ ሕሙማንን የሚንከባከብ ነርስ ነው፤ ኃይሉም አጠገቡ ያለው ሰው ያለውን ኃይል መውሰድ ነው። ዕድሜውን የሌላውን ሕመም ሲሸከም ለኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ የሚስማማው ነገር አይታየኝም።

ከሁሉም ግን ሂሮ ናካሙራ! ቶኪዮ ውስጥ፣ በተደረደሩ ጠረጴዛዎች መሃል የሚሠራ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ፊቱን አኮማትሮ ሰዓቱ ላይ ያፈጣል። የሰከንድ ቆጣሪዋ ትንገዳገድና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትመለሳለች። አንዲት ሰከንድ። ሌላው ሠራተኛ አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ይሠራል፤ ሂሮ በደስታ ሊፈነዳ ነው። ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ፤ ትናንትም ብቻዬን ስስቅ ራሴን ያዝኩት።

ይህን የምጽፈው ግን በገብርኤል ግሬይ ምክንያት ነው። በኋላ ሳይላር ተብሎ ሰው የሚያርደው ማለቴ ነው። እሱም መነሻው ሰዓት መሆኑን እስከ ትናንት ልብ አላልኩም ነበር! ኒውዮርክ ውስጥ በአባቱ ሙያ ሰዓት የሚጠግን፣ ልዩ ሰው ለመሆን የሚቃጠል ብቸኛ ሰው ነው። ሳይላር የሚለውን ስም እንኳ የወሰደው ከአንድ የእጅ ሰዓት ላይ ነው። ዕቃን ሳይነካ የሚያንቀሳቅስ ሰው ሲያገኝ ቅናት ያንገበግበውና ገድሎት ኃይሉን ይወስድበታል። ሁለቱም ሰዓት ፊት የተቀመጡ፣ ተራነታቸው ያንገሸገሻቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ባገኛት ሰከንድ ዓለም የእሱ ሆነች፤ ሌላው ምንም ቢወስድ አይጠግብም።

ኋላ ላይ ድራማው እንደላላ አልክድም። የሆሊውድ ደራሲዎች የሥራ ማቆም አድማ ስለመጣ ሁለተኛው ምዕራፍ በ11 ክፍል ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ ያ የመጀመሪያው ግለት አልተመለሰም። እኔ ለመጀመሪያው ምዕራፍ 23 ክፍሎች ስል ሁሉንም ይቅር ብያለሁ።

ሂሮ ሰከንዷን እንዳስመለሰ ምን አደረገ? እየሮጠ ለጓደኛው ለአንዶ ነገረው። አንዶ አላመነውም። በኋላ ግን አሜሪካ ድረስ አብሮት ሄደ። በዚያ ምዕራፍ አንዶ ምንም ኃይል የለውም፤ ጊዜን የሚያቆመውን ሰው ጎኑ አስቀምጦ መኪናውን የሚነዳው ግን እሱ ነው። ገብርኤል ሰዓት መጠገኛው ውስጥ የሚነግረው ሰው አልነበረውም።