ቀለሙን ተዉት፣ ቤዱን ዳስሱ

አሜሪካ ውስጥ ለቤት ጋራዥ የሚሆን አሮጌ ቶርኖ (ብረት እያዞሩ የሚቀርጹበት ማሽን) የሚፈልግ ሰው፣ የሳውዝ ቤንድ ኩባንያ ባለ 9 ኢንቹ (እስከ 9 ኢንች ገደማ ስፋት ያለው ሥራ የሚያዞረው) ሳያጋጥመው አይቀርም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1906 ኢንዲያና ውስጥ፣ ስሙን በወሰደባት ከተማ ተቋቋመ። ባለ 9 ኢንቹ ሦስት ዓይነት ነው። «ኤ» የጊር ሳጥንም በራሱ የሚሄድ ፊድም (የመቁረጫ ምላጩን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በሞተር ኃይል የሚነዳ) አለው። «ቢ» ፊዱ አለው፣ ሳጥኑ የለውም። «ሲ» ሁለቱም የሉትም፤ ሳጥን በሌላቸው በ«ቢ»ና በ«ሲ» ላይ ጊሮቹን እየፈታችሁ በእጅ ትቀያይራላችሁ። ያልተጎዳ «ሲ» ከተበላ «ኤ» ይሻላል።

አዲስ ቀለም ስንጥቅ ይሸፍናል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ቀጥታ ወደ ቤዱ፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ረጅም የብረት መሠረት፣ ካሬጁ (ምላጩን ይዞ የሚሄደው ክፍል) ወደሚንሸራተትበት ሐዲድ ሂዱ። አብዛኛው ሥራ ቸኩ (የሚቀረጸውን ብረት ጨብጦ የሚያዞረው) አጠገብ ስለሚሠራ ሐዲዱ የሚበላው እዚያው ነው። ካሬጁ ከማይደርስበት ቦታ ጀምራችሁ ጥፍራችሁን በሐዲዱ ላይ ጎትቱ፤ እርከን ከያዘው ተበልቷል። ከዚያ ካሬጁን ቸኩ ጋ አምጡና መቆለፊያ ብሎኑን ትንሽ እስኪከብድ ድረስ ብቻ አጥብቁት፤ ወደ ቴይልስቶኩም (ከቸኩ ትይዩ ጫፍ ላይ ወዳለው ድጋፍ) ንዱት። መንገድ ላይ ነክሶ ከቆመ፣ በዚያ ቶርኖ የተቀረጸ ረጅም ዘንግ ውፍረቱ ከጫፍ ጫፍ እኩል አይሆንም። ቤድ ማስተካከል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ዋጋ በላይ ያስወጣል።

ሁለተኛው ስፒንድሉ፣ ቸኩን የሚያዞረው ዘንግ ነው። የዚህ ማሽን ስፒንድል የኳስ ኩሽኔታ የለውም፤ በቀጥታ በሄድስቶኩ (ስፒንድሉን በያዘው የማሽኑ ራስ) ብረት ውስጥ ይዞራል፤ ዘይቱን የሚያቀርብለትም ከሥሩ ያለ ፌልት፣ ዘይት የሚመጥ ወፍራም ጨርቅ ነው። ፌልቱ ከደረቀ፣ ወይም አንድ ሰው የመኪና ወፍራም ዘይት ከሞላበት፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል። የሚፈልገው ቀጭን የስፒንድል ዘይት ነው። ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ። ጫፉን ስፒንድሉ ላይ አሳርፉ፤ ከቸኩ ሥር እንጨት አስገብታችሁ ወደ ላይ ፈንቅሉት። መርፌው የአንድ ኢንች አንድ ሺኛ ገደማ ቢንቀሳቀስ ጤና ነው። ሦስት አራት ሺኛ ከሆነ ሺም (በመሃል የሚገባ ስስ ቆርቆሮ) በመቀነስ ሊስተካከል ይችላል፤ ዋጋ ማስቀነሻችሁ ግን እሱ ነው።

ከስፒንድሉ ጋር የሚዞረውን ትልቁን ጊር በባትሪ እያበራችሁ ሙሉ ዙር አዙሩት። ጥርስ ጎድሎት ብታገኙ አይግረማችሁ። የነከሰ ቸክ የሚፈታ ሰው ስፒንድሉን ለመቆለፍ ባክ ጊሩን (ዙሩን የሚያዘገዩትን ጊሮች) ትልቁን ጊር ከፑሊው ጋር ከሚያስተሳስረው ፒን ጋር አብሮ ያስገባና በቁልፍ ይታገላል፤ ጥርሱ ይሰበራል። ደህናው ዘዴ ከኋላ ባለው የቸኩ መንጋጋ ሥር፣ ሐዲዱ ላይ እንጨት ደግፎ ስፒንድሉን በእጅ ወደ ኋላ ማዞር ነው።

የመስቀለኛው ስላይድ (ምላጩን ወደ ሥራው የሚያስገባው) መዘውር ሩብ ዙር ባዶውን ቢዞር አትደንግጡ፤ የተበላው ነሐስ ዳዶ ይቀየራል። ሞተርም እንዲሁ፤ የቤታችሁ የመብራት መስመር ባለ አንድ ፌዝ መሆኑን ብቻ አትርሱ።

ኪስ የሚያራቁተው አብሮ ያልመጣው ዕቃ ነው። ባለ አራት መንጋጋ ቸክ፣ የድጋፍ ቀለበት፣ በ«ቢ» እና በ«ሲ» ላይ ሙሉ የጊር ስብስብ አንድ በአንድ ሲገዙ ከቶርኖው ዋጋ ሊያልፉ ይችላሉ። እንደኛ በሚሊሜትር ለሚያስብ ደግሞ ባለ 127 ጥርሱን ጊር መጠየቅ ግድ ነው። የብሎን ጥርስ ሲወጣ ካሬጁን የሚነዳው ረጅም ብሎን፣ ሊድስክሩ፣ በኢንች ስለሆነና አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ሒሳቡን ያለ ትርፍ የሚዘጋው እሱ ነው፤ 25.4 በ5 ሲባዛ 127 ይመጣል።

ተስማምታችሁ ስትጭኑ፣ ቴይልስቶኩንና ሞተሩን አስቀድማችሁ አውርዱ። ቀሪው ክብደት ወደ ሄድስቶኩ ስለሚያደላ በዚያ በኩል ቶሎ ይገለበጣል። የማሰሪያውን ገመድ በቤዱ ሥር አሳልፉት፤ ሊድስክሩ ላይ ከተወጠረ ያጎብጠዋል።