የሃሌይን ጅራታም ኮከብ ዱካ ፍለጋ

የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ፀሐይ የቀረበው በ1986 ነው። እኔ አልደረስኩበትም። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።) ቀጣዩ ቀጠሮው ጁላይ 2061 ነው። እስከዚያ ዝም ብዬ መጠበቅ ከበደኝ። በኦክቶበር 2023 ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ዱካውን ፍለጋ ወጣሁ። ኮከቡን ባላየው እንኳ፣ ያዩት ሰዎች ትተውት ያለፉትን በዓይኔ በብረቱ ልይ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ለንደን ውስጥ ወደሚገኘው የግሪንዊች የከዋክብት መመልከቻ ነው። ጎብኚው ዜሮ ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ እግሩን አንፈራጥጦ ፎቶ ለመነሳት ተሰልፏል። እኔ ሰልፉን አልፌ ወደ አንድ ግድግዳ ሄድኩ። የኤድመንድ ሃሌይ የመቃብር ድንጋይ ያለው እዚያ ነው። የተቀበረው ብዙም በማይርቀው በሊ ሰፈር ነው። የድሮው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ እንደገና ሲሠራ ድንጋዩን ወደዚህ አመጡት። ጽሑፉ በላቲን ነው። ከውድ ሚስቱ ጋር በሰላም እንዳረፈ፣ ከዘመኑ የከዋክብት አጥኚዎችም ቀዳሚው እንደነበር ይናገራል። ስለ ኮከቡ መመለስ የጻፈው ሰው ይኸው፣ ድንጋዩ ፊቴ ቆሟል። ቶሎ መሄድ አልቻልኩም።

ሃሌይ ኮከቡን በ1682 ሲያየው የ25 ዓመት ወጣት ነበር። በኋላ የቆዩ መዛግብትን ማገላበጥ ያዘ። በ1531 እና በ1607 የታዩት ጅራታም ኮከቦች የሄዱበት መንገድ እሱ ካየው ጋር ተመሳሰለበት። ሦስቱም አንድ ናቸው አለ። በ1705 ባሳተመው ሥራው በ1758 እንደሚመለስ ጻፈ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 50 እየተጠጋ ነበር። ኮከቡ ሲመጣ ከ100 ዓመት በላይ ሊሆነው ነው። እንደማያየው እያወቀ ነው የጻፈው። በ1742 ሞተ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እጅግ እወደዋለሁ። ፈረንሳይ ውስጥ የሒሳብ ሊቁ ክሌሮ፣ የከዋክብት አጥኚው ላላንድና ኒኮል ሬን ለፖት የተባለች ሴት ሆነው ለወራት ስሌት ሠሩ። ኮምፒዩተር የለ፣ ምን የለ፤ ሁሉም በእጅ ነው። የጁፒተርና የሳተርን ስበት ኮከቡን 618 ቀን ያህል እንደሚያዘገየው ደረሱበት። ወደ ፀሐይ የሚቀርበው በ1759 ኤፕሪል አጋማሽ ነው፣ አንድ ወር ቢዛነፍ ነው አሉ። በ1758 የገና ሌሊት ድሬዝደን አቅራቢያ የሚኖር ፓሊች የሚባል ገበሬ በቴሌስኮፑ አገኘው። ለፀሐይ እጅግ የቀረበው ማርች 13 ቀን 1759 ነው። የተዛነፈው አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው።

ከለንደን ወደ ፈረንሳይ ተሻገርኩ። ባዩ ከተማ ውስጥ 70 ሜትር ገደማ የሚረዝም የበፍታ ጨርቅ ነበር፤ በሱፍ ክር የተጠለፈ፣ ኖርማኖች እንግሊዝን ስለወረሩበት የ1066 ጦርነት የሚተርክ። ክፍሉ ድንግዝግዝ ያለ ነበር፤ ጨርቁን ብርሃን እንዳይጎዳው። የምፈልገውን ሳገኝ ቀረብ ብዬ አየሁት። ኮከቡ አናቱ የአበባ ቅርጽ አለው፤ ጅራቱ የሚነድ መጥረጊያ ይመስላል። በስተግራ ሰዎች ተጠጋግተው ጣታቸውን ቀስረዋል። ከላያቸው በላቲን በኮከቡ እንደሚደነቁ ተጽፏል። በስተቀኝ የእንግሊዙ ንጉሥ ሃሮልድ ወሬ ነጋሪውን ለመስማት ጎንበስ ብሏል። ከእግሩ በታች ደግሞ ባዶ መርከቦች አሉ። ሊመጣበት ያለው ወረራ መሆኑ ነው። ጠላፊው ከኮከቡ ይልቅ ለተቀሰሩት ጣቶች የተጨነቀ ይመስለኛል። እኔን የገረመኝም እሱ ነው፤ ዛሬም ብናየው የምናደርገው ያንኑ ነው።

ፓዱዋ፣ ጣሊያን። የስክሮቬኚ ጸሎት ቤት ዝም ብሎ አይገባም። መጀመሪያ አየሩ በሚጣራበት ክፍል ያስቀምጡሃል። ከዚያ ውስጥ የሚሰጡህ 15 ደቂቃ ነው። ሌሎች ጣሪያውን ሲያዩ እኔ በቀጥታ ወደ ሰብአ ሰገል ሥዕል ሄድኩ። ጆቶ ከበረቱ በላይ የሣለው ጫፎቹ የሾሉ የተለመደ ኮከብ አይደለም። መሐሉ የጋለ፣ ከኋላው ቀይ ብርቱካናማ እሳት የሚጎተት ነገር ነው። የሃሌይ ኮከብ በ1301 ታይቶ ነበር። ሥዕሉ የተሣለው ከዚያ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ሰውየው ራሱ አይቶት ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለ እሳት ከጭንቅላት አይፈጠርም ባይ ነኝ።

የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ1985 ወደ ኮከቡ የላካትን መንኮራኩር በዚህ ሠዓሊ ስም ጆቶ ብሎ ጠራት። በ1986 በ600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አለፈችው። በሰከንድ 68 ኪሎ ሜትር እየበረረች በአቧራ ተመታች፤ ካሜራዋም ከአገልግሎት ውጪ ሆነ። የላከችው ምስል ግን ደረሰ። የኮከቡ አስኳል 15 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከከሰል የጠቆረ አካል ነበር። ከሚያርፍበት ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቀው 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ያ ሁሉ ድምቀት ፀሐይ ስታሞቀው ከሚተነው በረዶና አብሮት ከሚወጣው አቧራ የሚመጣ ነው።

የመጨረሻው ሌሊት ኦክቶበር 21 ነበር። ምድር በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ከኮከቡ በተራገፈ አቧራ ውስጥ ታልፋለች። ከፓዱዋ ወጣ ብሎ ካለ ኮረብታ ላይ ጃኬቴን አንጥፌ ተጋደምኩ። ጨረቃዋ ገብታለች። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ደመናው ሲገለል ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ በምሥራቅ ቆሞ ታየኝ። ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ብርዱ ጣቶቼን አደነዘዛቸው። በድንገት አንድ ተወርዋሪ ሰማዩን ሰንጥቆ አለፈ፤ ከኋላው ቀጭን ክር ትቶ። ሐሳቤ ሁሉ ጠፋኝ። እስኪነጋ 11 ቆጠርኩ። እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ብታክል ነው፤ ከሃሌይ ላይ የተራገፈች።

ኮከቡ ራሱ በዚያች ሌሊት ከኔፕቱን ማዶ ነበር። ልክ በሰባት ሳምንቱ፣ ዲሴምበር 9፣ ከፀሐይ እጅግ የሚርቅበት ነጥብ ደርሶ ወደዚህ ዞረ።