ከኡቡንቱ ማሻሻያ በኋላ የጠፋውን ላይብረሪ ፍለጋ

ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ከስሪት 20.04 ወደ 22.04 ካሳደግኩ በኋላ፣ ቀደም ሲል ከምንጭ ኮዱ የገነባሁት አንድ ትንሽ ፕሮግራም አልነሳም አለ። ተርሚናሉ ላይ የወጣው መልእክት ሊብ-ኤስኤስኤል 1.1 የተባለውን የጋራ ላይብረሪ (ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የኮድ ፋይል) መክፈት እንዳልተቻለ፣ ፋይሉም እንደሌለ ይናገራል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን ብዙዎቻችን የምንሮጠው ፕሮግራሙን አጥፍተን እንደገና ወደ መጫን ነው። ፓኬጁ ቀድሞ ለነበረው ስሪት የተዘጋጀ ከሆነ ግን ትርፉ ዳታ መጨረስ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ደህና ነው፤ የጎደለው የሚጠራው ፋይል ነው።

ሊብ-ኤስኤስኤል ግንኙነትን የሚያመሰጥረው የኦፕን-ኤስኤስኤል ሶፍትዌር ክፍል ነው። 20.04 ይዞት የነበረው ኦፕን-ኤስኤስኤል 1.1.1 ሲሆን 22.04 ግን 3.0ን ይዞ መጣ (ቁጥር 2ን ዘልለውታል)። በላይብረሪ ስም መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ገንቢዎቹ ነባር ፕሮግራሞችን የሚያሰናክል ለውጥ ሲያደርጉ ይቀይሩታል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ የሚፈልገው ስም ሲገነባ ውስጡ ይጻፍበታል። ስለዚህ ሊብ-ኤስኤስኤል 3 በኮምፒውተሩ ላይ ቢኖርም 1.1ን የሚጠራ ፕሮግራም አይጠቀምበትም።

አንድ ፕሮግራም የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች የሚያሳየውን ኤልዲዲ የተባለ ትእዛዝ በፕሮግራሙ ላይ ስሰጥ የጎደለው አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን አየሁ፦ ሊብ-ኤስኤስኤል እና ሊብ-ክሪፕቶ። የስህተት መልእክቱ የሚነግረን መጀመሪያ ያልተገኘውን ብቻ ነው፤ ኤልዲዲ ግን ሁሉንም ይዘረዝራል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ኤልዲዲ አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳው ስለሚችል ምንጩ በማይታመን ፋይል ላይ መጠቀም አይገባም። ለዚያ ፋይሉን ሳያስነሳ የሚያነበው ኦብጅ-ደምፕ የተባለ ትእዛዝ ይሻላል።

በየቦታው የሚሰጠው ምክር ሲምሊንክ መፍጠር ነው፤ ማለትም በአሮጌው ስም ወደ አዲሱ ፋይል የሚያመለክት አቋራጭ ማስቀመጥ። ምን እንደሚሆን ለማየት በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር በሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ሞከርኩት። ፋይሉ ተገኘ፤ ወዲያው ግን ኦፕን-ኤስኤስኤል 1.1.0 የሚል የስሪት ምልክት በውስጡ እንደሌለ ተነገረኝ። ስሙን መቀየር ይዘቱን አይቀይረውም። ይህ ምክር እስከ ዛሬ እንዴት እንደሚዞር ይገርመኛል።

የሠራው መፍትሔ ቀላል ነው፦ የኦፕን-ኤስኤስኤልን የልማት ፓኬጅ (ፕሮግራም ለመገንባት የሚያስፈልጉትን ፋይሎች የያዘውን) ጭኜ ፕሮግራሙን ከምንጭ ኮዱ እንደገና ገነባሁት። ስለ አንዳንድ ያረጁ ፈንክሽኖች ማስጠንቀቂያ ቢያወጣም ተሳክቷል። ምንጭ ኮዱ ለሌለኝ ሌላ ፕሮግራም ግን የ1.1 ፋይሎችን በራሱ ማህደር አስቀምጬ፣ የላይብረሪ መፈለጊያ መንገዱን እሱን በሚያስነሳው ስክሪፕት ውስጥ ብቻ ጻፍኩት። ለመላው ሥርዓት ማድረጉን አልመክርም። የ1.1.1 ይፋዊ የደኅንነት ድጋፍ በሴፕቴምበር 2023 እ.ኤ.አ. አብቅቷልና፣ ይህ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ጋር ባይገናኝ እመርጣለሁ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ከተርሚናል ሆኖ ከኢንተርኔት ፋይል የሚያወርደው ከርል የተባለ ፕሮግራም ነው። እሱ ይነሳል፤ ነገር ግን ላይብረሪው ሊብ-ከርል የስሪት መረጃ የለውም እያለ ያጉረመርማል። ኤልዲዲ እንዳሳየኝ ላይብረሪውን የሚያነሳው ከዩዘር-ሎካል ማህደር ነበር፤ ከዓመታት በፊት በእጅ የተጫነ ቅጂ እዚያ ተቀምጧል። ኡቡንቱ ያንን ማህደር ከሥርዓቱ ማህደሮች አስቀድሞ ስለሚፈልግ፣ ማሻሻያው ያመጣው አዲስ ፋይል ተራ አልደረሰውም። ኤልዲ-ዲበግ የተባለውን ተለዋዋጭ ሊብስ በሚል ዋጋ ስሞላው የፍለጋው ቅደም ተከተል በሙሉ ስክሪኑ ላይ ተዘረገፈ። አሮጌውን ቅጂ ከዚያ አንስቼ የላይብረሪዎቹን ዝርዝር የሚያድሰውን ኤልዲ-ኮንፊግን ሳስኬድ ማጉረምረሙ ቆመ።

አሁን እያነበብኩ ያለሁት በፕሮግራሙ ውስጥ ስለሚጻፉት የፍለጋ መንገዶች ነው። ሁለት ዓይነት ናቸው፦ አርፓዝ በስክሪፕቱ ከምንሰጠው መንገድ ቀድሞ ይታያል፤ ራንፓዝ ደግሞ ከእሱ በኋላ። የትኛው እንዳለ ሪድ-ኤልፍ የተባለው ትእዛዝ ያሳያል።