ቀና በይ

ዛሬ ክንዴን አላመመኝም። ያመመኝ ጭኔን ነው። ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። ለእኔ ግን የዚህ ሰመር ትልቁ ዜና ስለሆነ፣ ፀጉሬ ሳይደርቅ ቡናዬን አጠገቤ አድርጌ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ዌክቦርድ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ልንገር። ሁለት እግርን አንድ ሰፊ ቦርድ ላይ በተገጠመ ጫማ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ ከሞተር ጀልባ የተዘረጋ ገመድ ይዞ ውሃ ላይ መሄድ ነው። ጀልባዋ ስትሄድ ከኋላዋ በግራና በቀኝ ማዕበል ታስነሳለች። ዌክ የሚሉት እሱን ነው። ጨዋታው ያን ማዕበል ወዲያና ወዲህ መሻገር፣ ሲለምዱት ደግሞ ከጫፉ ተነስቶ መዝለል ነው።

ያስጀመረችኝ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። ባሏ ጀልባ አለው። እዚሁ ሲያትል፣ ሌክ ዋሽንግተን ላይ ይዘውኝ ወጡ። ያኔ መዋኘት ከተማርኩ ገና ዓመቴ ነበር፤ እሱንም ሬይነር ቢች ባለው የከተማው መዋኛ ነው የተማርኩት። ባሕር ዳር ተወልዶ፣ ጣናን በየቀኑ እያዩ አድጎ ዋና አለመቻል እዚህ ላለ ሰው አይገባውም። እማዬ ግን ውሃን አታምንም። "እያሳሳቀ ነው የሚወስደው" ትላለች። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን ሰዎች ከዳር ሆነን እናያለን እንጂ አንጠጋም ነበር።

ሁለት ሰመር ሙሉ በጉልበት ሄድኩ። ከውሃው መነሳት ቻልኩ። ማዕበሉን መሻገር ቻልኩ። ትንሽ ትንሽ መዝለልም ጀመርኩ። በቃ፣ ለምጄዋለሁ ብዬ ነበር። ዘንድሮ ሰኔ ላይ የአክስቴ ልጅ በስልኩ ቀረጸኝ። ማታ ቤት ገብቼ አየሁት። ወገቧ የታጠፈ፣ ክብደቷን ሁሉ የኋላ እግሯ ላይ የጣለች፣ እጀታውን ወደ ደረቷ እየሳበች ከጀልባ ጋር ግብግብ የገጠመች ሴት አየሁ። ዓይኗን ከእግሯ አትነቅልም። አልወደቀችም። ግን አንድም ቦታ ላይ አላማረባትም።

ማማሩ ምን ያደርግልሻል የሚለኝ ሰው አለ። እስክስታ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። አንዱ ትከሻውን በግድ ያንቀጠቅጣል። የሌላው ትከሻ በራሱ የሚሄድ ይመስላል። ሁለቱም ምቱን አልሳቱም፤ ዓይን የሚከተለው ግን ሁለተኛውን ነው። ውሃ ላይም እንደዚያው ነው። በውድድር ጊዜ እንኳ ዳኞች የዝላዩን ክብደት ብቻ አያዩም። እንዴት እንደተሠራ ራሱን ችሎ ይመዘናል።

ስለዚህ አስተማሪ ፈለግኩ። ለአምስት ቅዳሜ ከፈልኩ።

አሰልጣኜ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ እዚሁ ሐይቅ ዳር ያደገች ሴት ናት። ወሬ አታበዛም። ቪዲዮውን አሳየኋት። እስከ መጨረሻው አየችውና "ጠንካራ ነሽ። ችግርሽም እሱ ነው" አለችኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ውሃ ውስጥ አልገባሁም። ገመዱን ጀልባ ከሚታሰርበት ግንድ ላይ አስራ እጀታውን አስያዘችኝ። "ተደገፊው" አለች። ሳብኩት። "አትሳቢው። ተደገፊው።" ደግሜ ሳብኩት። ልዩነቱ አልገባኝም ነበር። ትንሽ ዝም አለችና ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። የሌሊት ነርስ ረዳት መሆኔን ነገርኳት። "በሽተኛ ከአልጋ ስታነሺ እንዴት ነው የምትቆሚው?"

አሳየኋት። እግሬን ከፈት፣ ጉልበቴን አጠፍ፣ ጀርባዬን ቀጥ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ይህን የማሳየው እኔ ነኝ። በወገቡ የሚያነሳ ሰው ብዙ ሳይቆይ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል። "እንደሱ ቁሚና እጀታውን ያዢ" አለችኝ። ያዝኩ። ክንዴን ዘረጋችው። እጀታውን ዝቅ አድርጋ ከፊተኛው ዳሌዬ አጠገብ አስቀመጠችው። ገመዱ ተወጠረ። ክብደቴ በእጄ መሄዱን ትቶ በእግሬ ወረደ። ሃያ ደቂቃ ያህል እዚያ ጣውላ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ለካ ሌሊት ሰው የማነሳበትን ብልሃት ሥራ ቦታ ትቼው ነበር የምወጣው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከመነሻው ጀመርን። ውሃው ውስጥ ጋደም ብለሽ፣ ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ ሰብስበሽ፣ ቦርዱን ከፊትሽ አግድም አድርገሽ ትጠብቂያለሽ። ጀልባዋ መሳብ ስትጀምር ክንድሽ ተዘርግቶ፣ ጉልበትሽ እንደታጠፈ ይቆያል። ሥራው የጀልባዋ ነው። እኔ ግን ገመዱ ገና ሲወጠር ብድግ እላለሁ። ሦስቴ ከሞከርኩ በኋላ ሞተሩን አጠፋችና የድሮውን አወራችልኝ። በፈረንጆቹ 1985 ሳንዲያጎ ውስጥ ቶኒ ፊን የሚባል ሰው ስከርፈር የተባለ ቦርድ አወጣ። የዚያን ጊዜ ቦርዶች በጣም ይንሳፈፋሉ። ውሃ ውስጥ ሆኖ እነሱን ተቆጣጥሮ መነሳት ጉልበት ይጠይቅ ነበር። በኋላ ኸርብ ኦብራየን የተባለ፣ እዚሁ ሲያትል አካባቢ የውሃ ስኪ የሚሠራ ሰው ሃይፐርላይት የሚባለውን ቦርድ ይዞ መጣ። በቀላሉ ውሃው ውስጥ ይሰምጣል፤ ልጅም ይዞት ይነሳል። "የጉልበቱ ዘመን አልፏል። አንቺ ለምን ትታገያለሽ?" አለችኝ።

በአራተኛው ሙከራ መታገሉን ተውኩት። ጀልባዋ አነሳችኝ።

ከተነሳሁ በኋላ ግን አንድ ነገር አልለቅ አለኝ። ዓይኔ እግሬ ላይ ነው። አንገቴ ሲደፋ ትከሻዬ ይከተላል። ትከሻዬ ሲወርድ ወገቤ ይታጠፋል። በቪዲዮው ያየሁት ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰውነት ዓይን ወዳየበት ይሄዳል፤ ውሃውን ካየሁ ወደ ውሃው ነኝ። "ቀና በይ!" ትላለች ከጀልባው። የምትናገረው እንግሊዝኛ ነው። እኔ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ግን በአማርኛ ነው፣ በእማዬ ቤት አማርኛ።

በእማዬ ቤት ግን ቀና በይ ያለኝ ሰው የለም። እኔ አንገቷን የደፋች ልጅ ነኝ። የምመሰገነው በእሱ ነበር። እማዬ ለጎረቤት "የኔ ልጅ እኮ አንገቷን የደፋች ናት" ስትል ድምጿ ውስጥ የነበረው ኩራት እስካሁን ይሰማኛል። እንግዳ ሳስታጥብ፣ ቡና ሳቀርብ ዓይኔ መሬት ላይ ነው። ያ አስተዳደግ ጎዳኝ አልልም። የማስታምማቸው አሮጊቶች የሚወዱኝ በእሱ ነው። ሰውነቴ ግን ቀና ማለትን እንደ ድፍረት ቆጥሮት ኖሯል። ይህን ያወቅሁት በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር እየተጎተትኩ ነው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሰማዩ ጠራ። እንዲህ ባለው ቀን የሲያትል ሰው "ተራራው ወጥቷል" ይላል። ሬይነርን ማለታቸው ነው። 4,392 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በረዶው ግን ዓመቱን ሙሉ አይለየውም። ጀልባዋን ወደ ደቡብ አዞረችና "እኔንም አትይ፣ ቦርዱንም አትይ። ተራራውን እይ" አለችኝ።

አየሁት። ደረቴ ተከፈተ። ትከሻዬ ተፍታታ። ቦርዱ እግሬ ሥር ምን እያደረገ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ በውስጥ እግሬ አወቅሁት። ትንሽ ወደ ተረከዜ ስደገፍ ጠርዙ ውሃውን ይነክሳል። ወደ ጣቶቼ ስመለስ ይለቀዋል። ደግሞ ድምፅ አለው። ጨርቅ በረጅሙ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። ሁለት ሰመር ሙሉ ስታገል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አራተኛው ቅዳሜ ከደቡብ ነፋስ ተነሳ። ስለዚህ 520 ከሚባለው ድልድይ በስተሰሜን ሄድን። ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ ሥሩም ለስላሳ ጭቃ ስለሆነ ድልድዩን የተሸከሙት ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ የኮንክሪት ሳጥኖች ናቸው። በፈረንጆቹ 2016 የተከፈተው ይህ ድልድይ ከ2,300 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በዓለም ካሉት ተንሳፋፊ ድልድዮች የሚበልጠው የለም። ወደ ሥራ ስሄድ በአውቶቡስ የምሻገረው እሱን ነው። ከላይ ሆኜ የማላየውን ያን ቀን ከታች አየሁት። በደቡብ በኩል ማዕበሉ እየመጣ ኮንክሪቱን ይመታል። በሰሜን በኩል ውሃው ዝም ብሏል።

እዚያ ዝም ያለው ውሃ ላይ ዝላዩን ጀመርን። ማዕበሉ እንዲጠብልኝ ገመዱን ወደ 15 ሜትር አሳጠረችው። የእኔ ልማድ ከሩቅ በኃይል መጥቼ፣ ማዕበሉ ጋ ስደርስ ፈርቼ የቦርዱን ጠርዝ ከውሃው መልቀቅ ነበር። እሷ የፈለገችው ግልባጩን ነው። በቀስታ ጀምሪ። ስትጠጊ ወደ ተረከዝሽ መደገፉን እየጨመርሽ ሂጂ። ጫፉ ላይ ስትደርሺ እግርሽን ቀጥ አድርገሽ ቁሚ። ዝለይ አላለችኝም፤ ቁሚ ነው ያለችኝ። ማዕበሉ ራሱ ይወረውርሻል አለች።

ወደቅኩ። ደግሜ ወደቅኩ። በወደቅኩ ቁጥር የአክስቴ ልጅ ብርቱካንማ ባንዲራ ያነሳል። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ነው። ከነጂው ሌላ፣ የሚጎተተውን ሰው ብቻ የሚያይ ሰው ጀልባው ላይ መኖር አለበት፤ ሰው ሲወድቅም ሌሎች ጀልባዎች እንዲያዩት ባንዲራውን ከፍ ያደርጋል። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ስልኩን አስቀምጦ፣ ባንዲራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ወደ እኔ ዞሮ ይቀመጣል። ውሃ ውስጥ ሆኜ ያን ብርቱካንማ ነገር ከፍ ብሎ ሳየው ልቤ ይረጋል።

ዛሬ አምስተኛው ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ ወጣን። ሐይቁ እንደ መስታወት ተኝቷል። ሁለቴ ወደቅኩ። በሦስተኛው ቀስ ብዬ ጀመርኩ፣ ጨመርኩ፣ ጫፉ ላይ ቆምኩ። የጨርቁ ድምፅ ተቆረጠ። ምንም የሚሰማ ነገር አልነበረም። እጀታው ዳሌዬ ጋ ነው፣ ዓይኔ ማዶ ያለው ዛፍ ላይ ነው። ከዚያ ማዕበሉን አልፌ ማዶ አረፍኩ። ጉልበቴ ተቀበለኝ። ጀልባዋ ላይ ሁለቱም ተነስተው ይጮኹ ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ደገምኩት። በመጨረሻው አየር ላይ ጉልበቴን ሰብስቤ በኋለኛው እጄ የቦርዱን ጠርዝ ነካሁ። መያዝና መያዙን ማቆየት የሚቀጥለው ሥራዬ ነው። ስታይል የሚባለው እዚያ ላይ ይለያል ትላለች አሰልጣኜ።

የዛሬውን ቪዲዮ ለእማዬ ላክሁላት። እስካሁን ውሃ ላይ እንደምወጣ እንጂ እንዴት እንደሆነ አሳይቻት አላውቅም ነበር። ደወለች። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ስትወድቂ ባንዲራ የሚያነሳው ማነው?"

"የአክስቴ ልጅ ነው እማዬ። ሌላ ጀልባ እንዳይመጣብኝ ነው።"

"ሁልጊዜ እሱ ነው?"

"ሁልጊዜ እሱ ነው።"

"እንግዲያው ንገሪልኝ። ዓይኑን ከልጄ ላይ እንዳያነሳ።"

ነገርኩት። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ከፍያለሁ።