ዓባይ በብር ሲመዘን

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዳርቻ ስሄድ መጠይቅ የያዘ ወጣት አስቁሞ፣ ወንዙ ከነዳር ደኑና ከነባህላዊ ፋይዳው ተጠብቆ እንዲቆይ በየወሩ ስንት ብር ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆንሁ ጠየቀኝ። ገበያ ላይ ዋጋ የማይወጣለትን ነገር ለመመዘን ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት የታወቀ ዘዴ ነውና የመሰለኝን መጠን ነገርሁት። አጠገቤ ለታንኳ መሥሪያ ደንገል ሲያስሩ የነበሩ አባት ግን፣ «ብሩን ከየት አመጣዋለሁ ልጄ? ጉልበቴን ቁጠረው» አሉት። ቅጹ ላይ የጉልበት መዋጮ የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበረ ወጣቱ ዜሮ አሰፈረ።

ይህ ዜሮ እውነቱን አይናገርም። የታንኳው ደንገል ሲመነምን ቀድመው የሚጎዱት እኚሁ ሰው ናቸው፤ እምቦጭ ጣናን በወረረ ጊዜም ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል ሁላችንም አይተናል፤ ከግሽ ዓባይ ጸበል ለሚቀዳ ምእመን ደግሞ የወንዙ ዋጋ በወርኃዊ ክፍያ የሚሰላ አይደለም (ቢጠየቅም የሚቆጣ ይመስለኛል)። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው ሰውንና ተፈጥሮን አንድ ላይ ይዞ ነው። ስለዚህ የሕዝቡን ግምት የሚለካ ቅጽ ከብሩ ጎን የሥራ ቀንንም ይጠይቅ፤ ወሩንም ቢጠይቅ መልካም ነው፣ በክረምት የእርሻ ወቅት የሚሰጥ ቀን በበጋ ከሚሰጠው ጋር እኩል አይደለምና።